መኪናዪቱ ደጅ ስታድር

የአንድ ነጋዴ ኑሮ ወዴት እንዳዘነበለ ሊያውቅ የሚሻ ሰው የሒሳብ መዝገቡን ገልጦ፣ ገቢውን ከወጪው አስተያይቶ፣ ዕዳውንና ጥሪቱን መዝኖ ካልሆነ በቀር በደጁ እያለፈ በማየት ብቻ ፍርድ ሊሰጥ አይገባውም። ነገር ግን በካሊፎርንያ በፓሎ አልቶ ከተማ፣ በአዲሰን ጎዳና ቍጥር 367 በሚባለው ቤት ጓሮ፣ ከመኪና ማደሪያ ጋራዥ ውስጥ ሥራውን ስለ ጀመረው አንድ ትንሽ የሽርክና ማኅበር፣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የራዲዮ ምህንድስና መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ፍሬድሪክ ተርማን መዝገብ ማየት ሳያስፈልጋቸው ሁኔታውን ያውቁ እንደ ነበር ኋላ ተናግረዋል። ምልክታቸውም መኪናዪቱ ነበረች። መኪናዪቱ ከጋራዡ ገብታ ያዩዋት እንደ ሆነ የሚሠራ ትእዛዝ እንደሌለ፣ ደጅ ቆማ ያዩዋት እንደ ሆነ ግን ማደሪያዋን ሥራ እንደ ወሰደባት፣ ስለዚህም የተማሪዎቻቸው ንግድ ደኅና እንደ ሆነ ይረዱ ነበር።

ጋራዡ ወርዱ 12 ጫማ፣ ርዝመቱ 18 ጫማ፣ ስፋቱም 20 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ ዴቪድ ፓካርድና ባለቤቱ ሉሲል ከዋናው ቤት የታችኛውን ክፍል ይዘው ሲኖሩ፣ ገና ትዳር ያልያዘው ባልንጀራው ዊልያም ሂውሌት በጓሮው ከነበረችው ትንሽ ጎጆ ያድር ነበር፤ ኪራዩም በወር 45 ዶላር ነበር። ሉሲል ቀን በዩኒቨርሲቲው የመዝገብ ጽሕፈት ቤት እየሠራች ለቤቱ ቋሚ ደመወዝ ታስገባለች፤ ከሥራ መልስ ደግሞ የማኅበሩን ደብዳቤና ሒሳብ ትይዛለች፤ ምግብ የምታበስልበት ምድጃም የመሣሪያዎቹ የፊት ሰሌዳ ቀለም የሚደርቅበት ሆኖ ነበር። ማኅበሩ ሲቋቋም የነበረው ጥሪት፣ ፓካርድ ያመጣው አሮጌ መሰርሰሪያ ሳይቀር ተገምቶ፣ 538 ዶላር ነው። ጥር 1 ቀን 1939 ሁለቱ ወጣቶች ሽርክናቸውን በሥርዐት ሲመሠርቱ የማን ስም ይቅደም በሚለው ነገር ላይ ሳንቲም ወርውረው ዘውድና ጎፈር ተጣጣሉ፤ ዕጣውም ለሂውሌት ወጣና ማኅበሩ ሂውሌት ፓካርድ ተባለ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ይህ ስም ኋላ በዓለም ሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ብዙ ሰዎች የጋራዡን ታሪክ ሲተርኩ መጀመሪያውን እንደ ተአምር፣ ፍጻሜውን እንደ ዕድል አድርገው ያወሩታል። እኔ ግን የሚመስለኝ፣ ከዚህ ታሪክ ለሰው የሚጠቅመው ክፍል ከታላቅነቱ ዘመን ይልቅ በትንሽነቱ ዘመን ያለው ነው፤ ማለት አንድ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ሠሪ ያገኘውን ትርፍ ምን እንዳደረገበት፣ ዕዳን ለምን እንደ ፈራ፣ ክፉ ቀን በመጣ ጊዜም በምን እንደ ቆመ የሚያሳየው ክፍል ነው። የትንሽ ፋብሪካ የወደፊት ተስፋ በሽያጩ ብዛት ብቻ አይነበብም። ከሽያጩ የተረፈው ገንዘብ ወደ የት እንደ ሄደ ያየ ሰው ግን ነገ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ሊገምት ይችላል።

ስለ አንዲት አምፖል

ሁለቱ ባልንጀሮች ከስታንፎርድ በ1934 የተመረቁ ናቸው። ፓካርድ ከዚያ በኋላ ወደ ምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል ሄዶ በስከነክተዲ ከተማ ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ተቀጥሮ ሠራ። መምህራቸው ተርማን ግን ጐበዝ ተማሪ ሁሉ እንጀራ ፍለጋ ወደ ምሥራቅ መፍለሱ ያሳዝናቸው ነበርና፣ በ1938 ለፓካርድ ጥቂት የምርምር ድጎማ አግኝተውለት ወደ ፓሎ አልቶ እንዲመለስ አደረጉት። መጀመሪያ ላይ ጓደኛሞቹ የያዙት የተለየ ሙያ አልነበረም፤ የመጣላቸውን ሁሉ ይሠሩ ነበር። ለቦውሊንግ መጫወቻ ተጫዋቹ ወሰኑን ሲያልፍ የሚያስታውቅ መሣሪያ፣ ለሊክ የከዋክብት መመልከቻ የቴሌስኮፕ ማዞሪያ፣ የሐርሞኒካ ድምፅ ማቃኛ፣ ይህንና ይህን የመሰለውን እየሠሩ ቈዩ። ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ ነገር የሚሠራ የእጅ ባለሙያ የዕለት ጉርሱን አያጣ ይሆናል፤ ነገር ግን የትናንቱ ድካም ለነገው አይተርፈውም፤ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይጀምራልና።

ይህን ያቋረጠው ሂውሌት ለከፍተኛ ዲግሪው የመመረቂያ ጽሑፍ ያጠናው የድምፅ ሞገድ አመንጪ፣ ማለት ኦሲሌተር፣ ነው። ኦሲሌተር የተፈለገውን የሞገድ ድግግሞሽ የተከተለ ንጹሕ ድምፅ በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ ሲሆን፣ የራዲዮ፣ የስልክ፣ የፊልምና የድምፅ ማጉያ ሠሪዎች ሥራቸውን የሚፈትኑበት ሚዛን ነው። መሣሪያው የሚሰጠው ድምፅ ራሱ የተበላሸ ከሆነ፣ በፈተናው የሚሰማው ጕድለት የተመርማሪው ይሁን የመርማሪው ለመለየት አይቻልም፤ ሐሰተኛ ሚዛን የያዘ ሰው እህሉ ቢጐድል ማንን ይጠይቃል? ችግሩም ይህ ነበር፤ በእንዲህ ያለው መሣሪያ ውስጥ ኤሌክትሪኩ ከልክ በላይ የተጋነነ እንደ ሆነ ድምፁ ይሻክራል፤ ከልክ በታች የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ይጠፋል። ልኩን ለመጠበቅ ይደረግ የነበረው ዘዴ ሁሉ የተወሳሰበና ውድ ነበር።

ሂውሌት ከዚያ ሁሉ ውስብስብ ዕቃ ፈንታ አንዲት ትንሽ የመብራት አምፖል አገባበት። የአምፖል ክር ሲግል ኤሌክትሪክን ይበልጥ ይቃወማል፤ ሲቀዘቅዝ ተቃውሞው ይቀንሳል። ሞገዱ ሲያይል ክሩ ይሞቅና ይገታዋል፤ ሞገዱ ሲደክም ክሩ ይበርድና ይለቀዋል፤ በማኅሌት ላይ ድምፅ ከልክ ሲያልፍ በመቋሚያው ጠቅሶ የሚያረግብ፣ ሲላላ የሚያነሣ መሪጌታ የሚሠራውን ያንኑ ሥራ ይህች ክር ያለ ሰው እጅ ትሠራዋለች። የዚህ ብልሃት የፈጠራ መብት ማመልከቻ በ1939 ቀረበ፤ በ1942 ጸደቀ።

ይህን የጥበብ ነገር በገንዘብ ጉዳይ ጽሑፍ ውስጥ ማስገባቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የዚያ ማኅበር የመጀመሪያ ትርፍ ሁሉ ምንጭ ይህች አምፖል ናትና። በዘመኑ የቅርብ ተወዳዳሪ የነበረው መሣሪያ ከ400 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፤ በጥቂት ሳንቲም የምትገዛ አምፖል የውድ ዕቃን ቦታ በመያዟ ግን ያው አገልግሎት እጅግ ባነሰ ወጪ የሚገኝ ሆነ። ሌላው ሠሪ ያላወቀውን ጥበብ ያወቀ ሰው በዋጋው ከተወዳዳሪው በታች ሽጦም ትርፍ ያገኛል፤ ያለ ጥበብ ዋጋ የቀነሰ ግን የራሱን ጥሪት ለገዢው ያድላል።

ዋጋ የሚማሩበት ትምህርት ቤት

ወጣቶቹ የመጀመሪያውን መሣሪያ 200 ኤ ብለው ሰየሙት፤ ቍጥሩን ከፍ ያደረጉት ገና ትናንት ሥራ የጀመሩ እንዳይመስሉ ነው። ዋጋውን 54 ዶላር ከ40 ሳንቲም አደረጉት። ይህም አኃዝ ወጪን ከማስላት የመጣ አልነበረም፤ በዐሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት አሜሪካኖች ስለ ሰሜን ምዕራብ ወሰናቸው ሲከራከሩ 54 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ የሚል መፈክር ነበራቸውና ከዚያ የተወሰደ መሆኑን ፓካርድ ኋላ ተርኳል። ትእዛዝ መጥቶ መሥራት ሲጀምሩ ግን በዚህ ዋጋ መሣሪያውን ሠርተው ሊያስረክቡ እንደማይችሉ ተገነዘቡ።

ይህ ስሕተት የእነሱ ብቻ አይደለም፤ የአዲስ ሠሪ ሁሉ ስሕተት ነው። ዕቃ የሚሠራ ሰው የብረቱን፣ የሽቦውንና የቀለሙን ዋጋ ቈጥሮ ወጪዬ ይህ ነው ይላል፤ የእጁን ድካም፣ ተሠርቶ የተበላሸውን፣ ሳይሸጥ የሰነበተውን፣ የኪራዩንና የደብዳቤውን ወጪ ግን በየዕቃው ላይ አያካፍልም። የተረሳው ወጪም በመዝገብ ላይ ባይጻፍ እንኳ ከኪስ መውጣቱን አይተውም። ተወዳዳሪያቸው እጅግ ውድ ባይሆን ኖሮ ይህ ስሕተት በዚያው ባጠፋቸው ነበር፤ ነገር ግን በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ሰፊ ሜዳ ስለ ነበረ ቀጣዩን 200 ቢ የተባለውን መሣሪያ 71 ዶላር ከ50 ሳንቲም ለመሸጥ ቻሉ፤ ይህም ከተወዳዳሪው ዋጋ ከአምስት እጅ አንዱን እጅ እንኳ አይሞላም።

በዚህ ዋጋ ስምንት መሣሪያ የገዛቸው የዋልት ዲስኒ የፊልም ድርጅት ነው። ድርጅቱ ፋንታሲያ የተባለውን፣ በኅዳር 1940 የታየውን የሙዚቃ ፊልም ሲያዘጋጅ፣ ድምፁ ከአንድ ማዕዘን ብቻ ሳይሆን ከአዳራሹ ዙሪያ እንዲሰማ ዐስቦ ነበርና የድምፅ መሣሪያዎቹን የሚፈትንበት አመንጪ አስፈለገው። ስምንቱ መሣሪያዎች 572 ዶላር አወጡ። ይህንን ገንዘብ ከመነሻው 538 ዶላር ጋር ያስተያየ ሰው፣ አንድ ደንበኛ በአንድ ትእዛዝ ከማኅበሩ ጠቅላላ መነሻ ጥሪት የበለጠ ዕቃ እንደ ገዛ ያያል። ደስታውም አደጋውም በዚህ ውስጥ ነው፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የተቀበለ ትንሽ ማኅበር የሚሠራበትን ዕቃ ሁሉ አስቀድሞ ከራሱ ኪስ ገዝቶ፣ ሠርቶ፣ ልኮ፣ ከዚያ በኋላ ነው ገንዘቡን የሚቀበለው።

የመጀመሪያው ዓመት መዝገብ

የ1939 ዓመት ሲዘጋ ማኅበሩ የ5,369 ዶላር ዕቃ ሸጦ 1,563 ዶላር አተረፈ። ከመቶ ዶላር ሽያጭ 29 ዶላር ተርፏል ማለት ነው። ሽያጩ የመነሻውን ጥሪት ዐሥር እጥፍ፣ ትርፉም ሦስት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ጐደለው። እንዲህ ያለ አኃዝ ያነበበ ሰው ፈጥኖ ሳይደነቅ ጥቂት እንዲያስተውል ያስፈልጋል። በሽርክና ማኅበር የባለቤቶቹ ድካም እንደ ተቀጣሪ ደመወዝ ከወጪ አይቈጠርም፤ ስለዚህ ያ ትርፍ የሁለት መሐንዲሶች የዓመት ድካም ዋጋም ጭምር ነው። ለሁለት ቢካፈል ለእያንዳንዱ 781 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ በወር 65 ዶላር ያህል ይደርሰዋል። የሉሲል ደመወዝ ባይኖር ያ ቤት በምን ይተዳደር ነበር? ስለ ትንሽ ፋብሪካዎች መጀመሪያ በሚጻፈው መዝገብ ውስጥ የማይታይ አንድ ባለ ጥሪት ሁልጊዜ አለ፤ እሱም በቋሚ ደሞዙ ቤቱን የያዘው የቤተ ሰብ አባል ነው።

በ1940 ሽያጩ ወደ 34,000 ዶላር ገደማ አደገ፤ ማኅበሩም ከጋራዡ ወጥቶ በፔጅ ሚል መንገድ አቅራቢያ በተከራየው ሕንፃ ይሠራ ጀመር፤ ጥቂት ሠራተኞችም ቀጠረ፤ ለገናም ለእያንዳንዳቸው 5 ዶላር ስጦታ አደረገ። አሁን አንድ ስሌት ለአብነት እናስላ። ባለቤቶቹ የመጀመሪያውን ዓመት ትርፍ በሙሉ በልተውት ቢሆን ኖሮ በእጃቸው የሚቀረው ያው 538 ዶላር ነው፤ በዚያ ገንዘብ የ34,000 ዶላር ዕቃ ለመሸጥ ገንዘቡ በዓመት ውስጥ ስልሳ ሦስት ጊዜ፣ ማለት በየስድስት ቀኑ ያህል፣ ወጥቶ መመለስ አለበት፤ ይህም በዱቤ ለሚሸጥ ሠሪ የማይሆን ነገር ነው። ትርፉ ሁሉ በሥራው ላይ ቢቈይ ግን ጥሪቱ 2,101 ዶላር ይሆናልና፣ ገንዘቡ በየሃያ ሁለት ቀኑ ያህል ቢመለስ ይበቃል፤ ይህም ቢሆን አስቸጋሪ ነው፤ ነገር ግን ትጉህ ሰው ሊሞክረው ይችላል።

ዘር የማይበላ ገበሬ

ብዙ ሰዎች ሥራ እየከሠረ ይሞታል እንጂ እያደገ ይሞታል ብለው አያስቡም። ነገር ግን የትእዛዝ ብዛት ትንሽ ፋብሪካን ሊገድል ይችላል፤ ትእዛዙ እጥፍ ሲሆን ለዕቃ መግዣ፣ ለደመወዝና ለመጋዘን የሚያስፈልገው ገንዘብም እጥፍ ይሆናል፤ ገዢው ግን የሚከፍለው ከወር ከሁለት ወር በኋላ ነው። በመዝገብ ላይ ትርፍ የሚታይበት ሰው በኪሱ የቅዳሜ ደመወዝ የሚከፍልበት ገንዘብ ያጣል። በዚህ ጊዜ መንገዱ ሁለት ነው፤ ወይ መበደር፣ ወይ ከራስ ትርፍ ቀስ እያሉ ማደግ።

ፓካርድ ባንክ ፈጽሞ ያልነካ ሰው አልነበረም፤ በመጀመሪያ ጊዜ 500 ዶላር ተበድሯል። ነገር ግን ኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደ ተናገረው፣ ከዌልስ ፋርጎ ባንክ ጋር ይሠራ የነበረ አንድ በዕድሜ የገፋ መሐንዲስ ግማሽ ቀን ያህል አነጋግሮት፣ በራብ ከሚሞቱት ድርጅቶች ይልቅ በቍንጣን የሚሞቱት እንደሚበዙ ነግሮት ነበር፤ ይህም ምክር ከልቡ ሳይጠፋ ኖረ። ስለዚህ ሁለቱ ባልንጀሮች የረጅም ጊዜ ብድር ሳይሸከሙ፣ የዓመቱን እድገት በዓመቱ ትርፍ እየከፈሉ ለመሄድ ቈረጡ።

የኛ ገበሬ ይህን ነገር ያለ መሐንዲስ ምክር ያውቀዋል። በመከር ጊዜ እህሉ ከአውድማ ሲገባ ልጆቹ ቢራቡ፣ እንግዳ ቢበዛ፣ ድግስ ቢያሻው እንኳ፣ ለዘር የለየውን እህል ለብቻው አኑሮ እጁን አያገባበትም፤ ዘሩን የበላ ሰው ከዛሬ ራብ ቢያመልጥ የሚቀጥለውን ዓመት ሁሉ በልቶታልና። የሂውሌትና የፓካርድ ትርፍ እንዲሁ ዘር ሆኖ ተለየ። በጦርነቱ ዘመን ሂውሌት ለወታደር አገልግሎት ሲጠራ ፓካርድ ብቻውን ፋብሪካውን ያዘ፤ በዚያን ጊዜም ከባልንጀራው የወታደር ደመወዝ የበለጠ ለራሱ መክፈል ተገቢ መስሎ አልታየውም ነበር። መንግሥት የጦርነት ጊዜ ትርፍን ለመቈጣጠር ያቋቋመው አካል ትርፋቸውን ሊወስንባቸው በፈለገ ጊዜም የፓካርድ ክርክር፣ ትርፉ ለባለቤቶች ምቾት ሳይሆን ለሥራው ማስፋፊያ የዋለ ነው የሚል ነበር፤ ዝቅተኛ ደመወዙም ቃሉን እውነት አደረገለት። በመክሊት ምሳሌ ላይ የተወቀሰው አገልጋይ የተቀበለውን ያጠፋ ሳይሆን መሬት ቈፍሮ የቀበረ መሆኑን የሚያስታውስ አንባቢ፣ ገንዘብን ከመብላት ማዳን ብቻ እንደማይበቃ፣ ለሥራም ማሰለፍ እንደሚያስፈልግ ይገባዋል።

የዮሴፍ ጎተራ

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ሠሪዎች የጥጋብ ዘመን ነበር። ራዳርና የጦር ሠራዊት ራዲዮ ሁሉ መለኪያ ይፈልጋሉ፤ ማኅበሩም የማይክሮዌቭ መለኪያዎችን እየሠራ ሽያጩ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር አለፈ፤ ሠራተኞቹም 200 ያህል ሆኑ። እውነቱን ለመናገር፣ ይህ እድገት ከቍጠባና ከጥበብ ብቻ አልመጣም፤ የጦርነት ገበያ ወሰን የሌለው ነበርና ብዙውን እሱ አመጣው። የፓካርድ ማስተዋል የተገለጠው የጥጋቡ ዘመን እንደሚያልፍ አስቀድሞ በማሰቡ ነው። በ1942 የራሳቸውን የመጀመሪያ ሕንፃ ሲሠሩ፣ ሥራው የከሠረ እንደ ሆነ ለምግብ ሸቀጥ መደብር እንዲከራይ ሆኖ እንዲታነጽ አደረጉ። ወደ ከፍታ የሚወጣ ሰው መውረጃውንም እያየ ቢወጣ ይህ ተጠራጣሪ አያሰኘውም፤ ለሠራተኛውና ለራሱ ቤት አሳቢ ያሰኘዋል እንጂ። ለጊዜው ብዙ ሰው ቀጥረው፣ ውሉ ሲያልቅ የሚያሰናብቱባቸውን ታላላቅ የመንግሥት የምርት ውሎች መሸሻቸውም ከዚሁ ሐሳብ የመነጨ ነበር።

የተፈራው ቀን በ1946 መጣ። የጦር ሠራዊቱ ትእዛዝ ተቋረጠ፤ ሽያጩ ካለፈው ዓመት ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ፤ ከ200 ሠራተኞችም 80 ያህል ብቻ ቀሩ። ከሥራ ስለ ወጡት ሰዎች ማዘን ይገባል፤ የኩባንያ ታሪክ ጸሓፊዎች በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልፉት ይህ አኃዝ ከመቶ በላይ ቤቶችን ያናወጠ ነውና። ነገር ግን ማኅበሩ በዚያ ዓመት እንኳ የሚከፈል የረጅም ጊዜ ዕዳ በደጁ አልቆመበትም። በወለድ የተያዘ ፋብሪካ ሽያጩ በግማሽ ሲወርድ ወለዱ በግማሽ አይወርድለትም፤ ዕዳ ክረምትና በጋን አይለይምና። ከዕዳ ነጻ የሆኑት ሁለቱ ባልንጀሮች ግን ሌሎች በሚያሰናብቱበት በዚያው ወራት ከጦርነቱ ቤተ ሙከራዎች የወጡትን ምርጥ መሐንዲሶች መቅጠር ቻሉ። ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ጎተራ የሞላው በሰባቱ የራብ ዓመታት ሌላው የሚያጣውን ለማግኘት እንደ ሆነ ሁሉ፣ እዚህም በጎተራው የነበረው የእውቀት መግዣ ሆነ።

ከጓሮ እስከ አደባባይ

በ1947 ሽርክናው ወደ አክሲዮን ማኅበርነት ተለወጠ። በ1950 ሽያጩ 2 ሚሊዮን ዶላር፣ ሠራተኛውም 146 ነበር፤ በ1951 ሽያጩ 5 ሚሊዮን ተኩል፣ ሠራተኛው 215 ሆነ። በሠራተኛ ቢካፈል በ1950 ለአንድ ሰው የሚደርሰው ሽያጭ 13,700 ዶላር ያህል ሲሆን በ1951 ከ25,000 ዶላር አልፏል። ከዚህ እመርታ የኮርያን ጦርነት ድርሻ መካድ አይቻልም፤ ነገር ግን ጦርነት የሚገዛው የተዘጋጀ ዕቃ ያለውን ሰው ነው። በ1951 የወጣው 524 ኤ የተባለው የሞገድ ድግግሞሽ ቈጣሪ ቀድሞ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይወስድ የነበረውን ልክ በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ የሚያስታውቅ ነበር፤ የራዲዮ ጣቢያዎችም የሞገዳቸውን ልክ የሚያረጋግጡበት ሆነ።

ትርፉም ለባለቤቶች ብቻ አልሆነም። ከጥንት ጀምሮ የምርቱ ውጤት ሲያድግ ሁሉም እንደ ደመወዙ መጠን ጭማሪ የሚያገኝበት ሥርዐት ነበር። አንድ ሠራተኛ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ለረጅም ጊዜ ከሥራ በተለየ ጊዜ ማኅበሩ ቤተ ሰቡን ደግፎ፣ ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለው መከራ በቸርነት ብቻ ሳይሆን በሥርዐት የሚታገዝበትን የሕክምና ዋስትና ለሠራተኞቹ አቋቋመ። የትርፍን ሐሳብ የሚጸየፍ ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው፤ የማያተርፍ ፋብሪካ ለታመመ ሠራተኛው ከማዘን በቀር የሚያደርግለት የለውምና።

በ1957 መጀመሪያ ላይ የማኅበሩ መሪዎች በሶኖማ ተሰብስበው ዓላማዎቻቸውን በጽሑፍ አኖሩ፤ በማኅበሩም እምነት ትርፍ ለኅብረተ ሰቡ የተሰጠው አገልግሎት መለኪያና የማኅበሩ ኃይል ምንጭ ሆኖ ተቈጠረ። በዚያው ዓመት ኅዳር 6 ቀን አክሲዮኑ እያንዳንዱ በ16 ዶላር ለሕዝብ ተሸጠ፤ የዓመቱ ሽያጭም 28 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከ538 ዶላር ተነሥቶ ከሕዝብ ገንዘብ እስኪቀበል ድረስ ከዐሥራ ስምንት ዓመት በላይ በራሱ ትርፍ ያደገ ማኅበር ነበርና፣ ወደ ገበያው ሲመጣ የመጣው ለልመና ሳይሆን ለድርሻ ነው። ለመዳን የሚሸጥ ሰው ዋጋውን ገዢው ይወስንበታል፤ ሳይቸግረው የሚሸጥ ሰው ግን ዋጋውን ለመወሰን ድምፅ አለው።

ጋራዡ ዛሬ

ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ በሰፊው የታወቀ ነው። ማኅበሩ ኮምፒውተር ሠሪ ሆነ፤ ታላቅነቱም ስሙን ከመጀመሪያ ሥራው አርቆ ወሰደው። በ1999 የመለኪያ መሣሪያው ሥራ ከኮምፒውተሩ ተለይቶ አጂለንት ለተባለ ድርጅት ተሰጠ፤ የኤሌክትሮኒክስ መለኪያውም በ2014 ዳግመኛ ተከፍሎ ኪሳይት ለተባለው ተላለፈ። ስለዚህ ያቺ በአምፖል የተገራች የመጀመሪያ መሣሪያ ወራሾቿ ዛሬ የሚሠሩት በሌላ ስም ነው፤ የሂውሌትና የፓካርድ ስም ደግሞ ሁለቱ ወጣቶች በጋራዡ ባልሠሩት ዕቃ ላይ ተጽፎ ይኖራል። ዘር የዘራውን ሰው ስም ይዞ ባይበቅልም ፍሬውን አይከለክልም።

ጋራዡ በ1989 በካሊፎርንያ ታሪካዊ ቅርስነት ቍጥር 976 ተሰጥቶት የሲሊከን ቫሊ የትውልድ ስፍራ ተብሎ ተመዘገበ፤ ቤቱንም ኩባንያው በ2000 ገዝቶ ወደ ጥንተ መልኩ አደሰው። ስለ ሀብት መጀመሪያ የሚጠይቁ ሰዎች ወደዚያ እየሄዱ የእንጨቱን በር ያያሉ። እኔ ግን ብሄድ አስቀድሜ የማየው ከበሩ ፊት ያለውን ባዶ ቦታ ነው፤ ፕሮፌሰር ተርማን ምልክታቸውን ያነበቡት ከዚያ ነበርና። ጋራዥ የሚሠራው መኪና ከዝናብና ከጠል እንዲጠለልበት ነው፤ ሁለቱ ወጣቶች መኪናቸውን አስወጥተው በስፍራዋ የሥራ ገበታቸውን በዘረጉ ጊዜ፣ ኋላ በገንዘባቸው ሁሉ ላይ የሚያደርጉትን ነገር አስቀድመው በመኪናዪቱ ላይ አድርገውት ነበር፤ ምቾት ቦታውን ለቀቀ፣ ሥራ ገባበት። ከዚያ በኋላ ለዐሥራ ስምንት ዓመት ትርፋቸውን ከራሳቸው ኪስ እያስወጡ ወደ ሥራቸው ሲያስገቡ፣ ያንኑ የመጀመሪያ ሌሊት ደጋግመው ኖሩት። የትንሽ ፋብሪካን ተስፋ ሊመረምር የሚወጣ ሰው ስለ ሽያጩ ከመጠየቁ በፊት የባለቤቱ መኪና የት እንዳደረች ቢጠይቅ፣ መዝገቡ ኋላ የሚነግረውን ቀድሞ ያገኘዋል።